ጣና ላይ ከልጆች ጋር፦ የአንድ የክረምት ሳምንት ማስታወሻ

ሰኞ

ዛሬ አዲሶቹን ልጆች ተቀበልን። 22 ናቸው። ትንሿ 9 ዓመቷ ነው፤ ትልቁ 13። ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ወራት የምሠራው ሥራ ይኸው ነው። ልጆችን ይዘን ሐይቁ ላይ፣ ቡና ጫካ ውስጥ፣ ፏፏቴ ድረስ እንሄዳለን። በየሳምንቱ አዲስ ቡድን ይመጣል። የምንመራቸው ሦስት ሆነን ነው። አንዷ ነርሲንግ ትማራለች፤ የመድኃኒት ቦርሳው ከትከሻዋ አይወርድም። ሌላው ባልደረባችን ሐይቁ ዳር ያደገ ጎበዝ ዋናተኛ ነው። ልጆቹ ሦስታችንንም «ቲቸር» ይሉናል። ክረምት ላይም ቲቸር መባሉ አይቀርም።

ክብ ሠርተው ከተቀመጡ በኋላ መጀመሪያ የጠየቅናቸው «ጣና ላይ በጀልባ ሄዶ የሚያውቅ ማነው?» ብለን ነው። አምስት እጅ ወጣ። ሁሉም ባሕር ዳር ተወልደው ያደጉ ልጆች ናቸው። አንዷ ቤታቸው በረንዳ ላይ ስትቆም ሐይቁ ይታያታል። ገብታበት ግን አታውቅም።

ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም ሰው ጣናን ሊያይ ይመጣል። የባሕር ዳር ልጅ ዳር ቆሞ ያድጋል። ምክንያቱ አይጠፋኝም። ጀልባ ኮንትራት መያዝ አራት ልጅ ለሚያሳድግ ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። እናቶችም ውሃ ይፈራሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ሐይቁ ሰው ይወስዳል። ስለዚህ ልጁ «ወደዚያ እንዳትሄድ» ይባላል፣ አይሄድም። ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ቁም ነገር ይህን መለወጥ ነው። ልጆቹን በሰላም መመለስ የእኛ ድርሻ ነው። ከዚያ በተረፈ የሚያስፈልጋቸው ማየት የሚችሉበት ጊዜ ነው። ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

በሰላም መመለስ ስል እንዲሁ አይደለም። ለእያንዳንዱ ልጅ ቁጥርና ጥንድ ሰጠን። ፊሽካ ሲነፋ ጥንድ ጥንዱን እጅ ለእጅ ይያያዛል፤ ከአንድ እስከ ሃያ ሁለት በየተራ ይጠራል። ጀልባ ከመውጣታችን በፊት፣ ከወረድን በኋላ፣ ጫካ ከመግባታችን በፊት፣ ከወጣን በኋላ እንቆጥራለን። ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱም እንቆጥራለን። የላይፍ ጃኬት ልክም ዛሬውኑ ተለካ። ለትልቅ ሰው የተሠራ ጃኬት ለትንሽ ልጅ አይሆንም። ውሃ ውስጥ ሲገባ ወደ ላይ ይሸሽና ልጁ ከሥሩ ሾልኮ ይወርዳል። ሁለቱን ትከሻ ይዘን ወደ ላይ ስንስበው ጆሮ ላይ የሚደርስ ከሆነ እንቀይረዋለን።

ከዚያ ሁሉም የሚያኮርፉበት ደንብ መጣ። መዋኘት የለም። ዳሩ ላይ እግር መንከርም የለም። «ግን ልጆች ሁሌ ይዋኛሉ እኮ!» አለ አንዱ። እውነቱን ነው፣ ይዋኛሉ። ነርሷ ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው። በሐይቁ ዳር ሳር ያለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች አሉ። የቢልሃርዚያ ትል መጀመሪያ እነሱ ውስጥ ያድጋል። ከዚያ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይዋኛል። የሰው ቆዳ ሲያገኝ በስቶ ይገባል፤ ሲገባ አያምም፣ አይታይም። አንዲት ልጅ እግሯን አንስታ ጫማዋን መረመረች። ነርሷ አላስፈራራቻቸውም። መድኃኒት እንዳለው፣ የሚዋኙትም ልጆች ጥፋተኞች እንዳልሆኑ ነገረቻቸው። አነጋገሯን ወደድኩላት።

ከሰዓት በኋላ የሐይቁን ዳር ይዘን በእግር ሄድን። ፍልሰታ ስለገባ ዓሣ የሚሸጥበት አካባቢ ከወትሮው ጭር ብሏል። ሻላዎቹ ግን ጾም አያውቁም። ዓሣ የሚጸዳበት ቦታ ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ልጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ያሉት እዚያ ነው። ሻላ ምንቃሩን ሲከፍት ከሥር ያለው ከረጢት ሲወጠር ማየት ለማንም ልጅ ይበቃዋል።

አንድ የ11 ዓመት ልጅ ከሁሉም ኋላ ይሄዳል። ሲጠየቅ ራሱን በመነቅነቅ ብቻ ይመልሳል። አባቱ ዓሣ አስጋሪ እንደሆነ መዝገቡ ላይ አይቻለሁ። ዛሬ አንድም ቃል አልተናገረም። ልጫነው አልፈለግኩም።

ማክሰኞ

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጀልባው ላይ ነበርን። ጠዋት ነው እንጂ የጣና ሰዓት ሌላ የለም። ማለዳ ውሃው ይረጋል። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ ማዕበል ይመጣል። በክረምት ደግሞ ዝናብና መብረቅ ይጨመራል። ጀልባ ነጂያችን ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ልጆቹ «ጋሼ» ይሏቸዋል። «ከስምንት ሰዓት በኋላ ልጅ ጭኜ ሐይቅ ላይ አልገኝም» ብለው መጀመሪያውኑ ነግረውናል። ይህን ስለሚሉ ነው ከእሳቸው ጋር የምንሠራው።

ሞተሩ ሲነሳ ግማሾቹ ጮኹ፤ ግማሾቹ አጠገባቸው ያለውን ሰው ጨበጡ። ትንሿ የ9 ዓመት ልጅ ክንዴን ይዛ «ጥልቀቱ ስንት ነው?» ትለኛለች። ሁሉም ልጅ ጣና መጨረሻ የለውም ብሎ ነው የሚመጣው። ጣና ሰፊ ነው። ከደቡብ እስከ ሰሜን 84 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዳር ዳር 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። «አምስት ፎቅ ቢሰምጥ ጣሪያው ሊታይ ይችላል» አልኳት። አሰበችበት። «እኔ ግን አንድ ፎቅም አልሆንም» አለችና ጃኬቷን አጠበቀች። ልክ ናት።

ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ወደ ደብረ ማርያም አቀናን። እዚያ አካባቢ ጉማሬ አይጠፋም። ጋሼ ከሩቅ ሞተሩን ቀነሱ። መጀመሪያ ያየነው ጆሮ ነው። ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ውሃው ላይ ተርገበገቡ፣ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ አፍንጫ ታየ። 22 ልጅ በአንድ ጊዜ ትንፋሹን ሲይዝ ይሰማል። «ሥጋ በል ነው?» የሚለው ጥያቄ መጣ። አይደለም፣ ሳር በል ነው። ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ 40 ኪሎ የሚደርስ ሳር ይግጣል። ሰው የሚገድለው ሊበላው ፈልጎ አይደለም። መንገዱ ሲዘጋበት ነው። ጉማሬ ሲደነግጥ ወደ ጥልቁ ውሃ ይሮጣል። በእሱና በውሃው መካከል የቆመ ሰው አለቀለት። ጋሼ ጀልባውን ሁልጊዜ በዳር በኩል የሚያቆሙት ለዚህ ነው። ልጆቹ ይህን ከእሳቸው አፍ ሲሰሙ ከእኔ አፍ ከሚሰሙት ይልቅ አመኑት።

ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠሩ አባት አገኘን። የነገደ ወይጦ ሰዎች በታንኳ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። እኚህም አባት ከአባታቸው የተማሩት ነው። ሐይቁ ዳር የሚበቅለው ደንገል ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ እየተደራረበ ይታሰራል። ምስማር የለው፣ ቀለም የለው። ከሐይቅ ሲወጣ ተገትሮ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ካልደረቀ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ዕድሜው አጭር ነው። ሲያልቅ ሌላ ይሠራል። «ድሮ ደንገሉ እዚህ ደጃፋችን ነበር። አሁን ፍለጋ እንሄዳለን» አሉን። ልጆቹ አንድ አንድ እስር አሰሩላቸው። የላላውን ሁሉ ሳይቆጡ መልሰው አጠበቁት። አንድ ሰዓት ያህል እዚያ ቆየን። በፕሮግራሙ ላይ 20 ደቂቃ ነበር የተያዘለት። ፕሮግራሙን ተውኩት። ልጅ እጁ ሥራ ሲይዝ «እንሂድ» ማለት አይሆንልኝም።

ስንመለስ አንድ ቁንጣሪ የእምቦጭ አረም ማዕበል ገፍቶ ዳር አውጥቶት አየን። ሐምራዊ አበባ አለው። «ሲያምር!» አለች አንዲት ልጅ፤ በእውነት ያምራል። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ነው። ጣና ላይ መታየት የጀመረው በ2011 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲህ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በደንቢያና በፎገራ ዳርቻ፣ ስንት ገበሬና ስንት ተማሪ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል። የአንዱ ልጅ ታላቅ ወንድም ከዘመቻው አንዱ ላይ ነበር። «ወንድሜ ለሦስት ቀን ሲያሳክከው ነበር» አለ፤ በኩራት ነው ያለው።

ረቡዕ

የዘጌ ቀን። ብዙ ያሰብኩበት ቀን ነው፤ ምክንያቱም ጾሙ አለ።

ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው ይባላል። ሌላውን ጾም የማይጾም ልጅ እንኳ ይህን ይጾማል። ከልጆቻችን ስምንቱ እስከ 6 ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም። ወላጆቻቸው ነግረውናል። እንግዲህ በፀሐይ ዳገት የሚወጣን ልጅ «ጠጣ» ማለት አትችልም፣ እያየህ ዝም ማለትም አትችልም። ስለዚህ ቀኑን ሁሉ በጾመኛው ልክ አቀድነው። ጀልባው ማለዳ ይነሳል። የእግር ጉዞው በጥላ፣ በቀስታ ይሆናል። 6 ሰዓት ሲሆን የትም ብንሆን ቁጭ እንላለን። የማይጾሙትም ልጆች ራሳቸው ወስነው ከጓደኞቻቸው ፊት ላለመብላት ተስማሙ። ማንም አላዘዛቸውም። ነርሷ ግን አይኗን አልነቀለችም። ራስ ምታት ወይም ማዞር ያለበት ልጅ ወዲያው ይቀመጣል፣ ይጠጣል። ይህን ከወላጆችም ጋር ተነጋግረናል፤ ሁሉም «ልጄ ከጾሙ ይበልጣል» ብለዋል።

በመንገድ ላይ በክብራን ገብርኤል አጠገብ አለፍን። ክብራን ሴት የማይገባበት ገዳም ነው። «ለምን?» አለች አንዲት የ12 ዓመት ልጅ። የገዳሙ ሥርዓት ነው፣ መነኮሳቱ ከጥንት ጀምሮ የያዙት ነው አልኳት። እንዳልረካች ፊቷ ይናገራል። እኛ የምንመርጠው ሁሉም ልጅ እግሩን የሚያሳርፍበትን ቦታ ነው። ግማሹን ቡድን ጀልባ ላይ ትቼ ግማሹን ይዤ አልወጣም። ይህንንም ነገርኳት። «እሺ» አለች። ቅዳሜ ሴትም ወደሚገባበት ወደ እንጦስ ገዳም እንደምንሄድ ስነግራት ደግሞ «እዚያ እኔ ነኝ ቀድሜ የምወርደው» አለች።

አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ዘጌ ደረስን። ከወደቡ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ያለው መንገድ በቡና ዛፍ ሥር ያልፋል። በነሐሴ ቡናው አረንጓዴ ፍሬ ይዞ ነው የሚገኘው፤ የሚለቀመው ከጥቅምት ወዲያ ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ። ጦጣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። ቀንድ የመሰለ ትልቅ ምንቃር ያለው ወፍ ሲበር ክንፉ እንደ ባቡር ፉት ፉት ይላል። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። መሬቱ ጭቃ ነበር። ሁለት ወደቁ፤ ተነሡ፣ አጨበጨብንላቸው፣ ሄድን።

ዘጌ የማይታረስ መሬት ነው። በሬ ተጠምዶበት አያውቅም። በአካባቢው እንደሚነገረው አቡነ በትረ ማርያም ጸልየው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ተሰጣቸው፤ ሕዝቡም ሳያርስ በእነዚህ ሊኖር ቃል ገባ። እዚህ ስደርስ ልጆቹን አስቆሜ «ከሐይቁ ወዲያ ማዶ ያለውን ኮረብታ እዩ፣ አሁን ደግሞ ይህን እዩ» አልኳቸው። ወዲያ ማዶ እርሻ ነው፤ ዛፉ አልቋል። ይህ ጫካ ነው። የጨመርኩት የለም። አንዱ «ሰዎቹ ቃላቸውን ባይጠብቁ ኖሮ ጦጣው የት ይሄድ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። የጠየቀው እኔን አልነበረም፤ ጓደኛውን ነው። ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩበት ነበር።

ሁለት እህትማማቾች ሙስሊም ናቸው። አባታቸው ቀድመው ደውለው ነበር። «ጫካውን ይዩ፣ ግቢውንም ይዩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ግን አይግቡ» አሉኝ። በጣም ቀና ሰው ናቸው። ዋናተኛው ባልደረባዬ ከእነሱ ጋር ከበሩ ውጭ ቆየ። ጦጣ ሲቆጥሩ ቆዩ፤ ስንወጣ የእነሱ ወሬ ከእኛ ይበልጥ ነበር። አንዷ ጦጣ የሰው ኮፍያ ነጥቃ ዛፍ ላይ ስትወጣ አይተዋል።

እኛ ጫማችንን አውልቀን ገባን። ዑራ ክብ ነው። መቅደሱ ዙሪያውን ከታች እስከ ላይ ሥዕል ነው። አገልጋዩ አባት ረጅም ዘንግ ይዘው እያንዳንዱን ሥዕል እየነኩ ይተርካሉ። ልጆቹን ቀጥ ያደረጋቸው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። 78 ነፍስ በልቷል። አንድ ቀን አንድ የተጠማ ለምጻም በእግዝእትነ ማርያም ስም ውሃ ለመነው። ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በሞተ ጊዜ ያ ሁሉ ኃጢአቱ በአንድ ወገን፣ ጥርኟ ውሃ በሌላ ወገን ተመዘኑ፤ ውሃዋ መዘነች።

ሰዓቱ አምስት ተኩል ገደማ ነበር። ከጾመኞቹ አንዱ፣ ከንፈሩ የደረቀ የ10 ዓመት ልጅ፣ ሁለት እጁን አጋጥሞ ጥርኝ ሠርቶ ያየዋል። «ይህን ታህል?» አለ። አባም «ይህን ታህል» አሉት። ቀና ብሎ «ለተጠማ ሰው ብዙ ናት» አለ። እሳቸው ዘንጋቸውን ወደ መሬት አውርደው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ራሱን ዳሰሱት። እኔም ያን ሥዕል ስንት ክረምት አይቼዋለሁ፤ እንደዚያ ግን ተረድቼው አላውቅም።

6 ሰዓት ሲሆን ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ድንችና በሶ አወጣን። ጾመኞቹ መጀመሪያ ጠጡ። ሌሎቹ ጠበቋቸው።

ሐሙስ

ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥተን ከተማዋን ከላይ ልናይ ነበር። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። መብረቅም አለ። አልወጣንም።

ልጆቹ አኮረፉ። እኔ ግን መብረቁንም እንጠቀምበት አልኩ። ብልጭ ሲል መቁጠር ጀመርን፤ ሲያጉረመርም አቆምን። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ዘጠኝ ከቆጠርን ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። «ቀረበ! ቀረበ!» እያሉ ጮኹ። ሐይቅ ላይ ሆነን ይህ ቢመጣ ወዲያው ወደ ዳር እንወጣለን፤ ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር ደግሞ አንጠለልም። ይህ ልጅ እድሜ ልኩን የሚይዘው ነገር ነው።

ከዚያ አንድ ትልቅ ወረቀት መሬት ላይ ዘርግተን የጣናን ካርታ መሳል ጀመርን። ሁሉም ያየውን ሣለ፤ ጉማሬ፣ ታንኳ፣ ጦጣ፣ ሻላ። ያ ዝምተኛው የዓሣ አስጋሪ ልጅ አንዴ ቆሞ አየና «ወንዞቹ የሉም» አለ። አራት ቀን ስንጠብቀው የነበረ ድምፅ ነው። ቀለሙን ሰጡት። ተንበርክኮ ግልገል ዓባይን፣ ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭን ሣለ። ሣለ ስል ዝም ብሎ መስመር አሰመረ ማለቴ አይደለም። እያንዳንዱ በየት በኩል እንደሚገባ ያውቃል።

«በክረምት ዓሣው ወደ ወንዝ ይወጣል» አለ። ልጆቹ ዞረው አዩት። ወንዙ ሲሞላ እንቁላሉን ለመጣል ከሐይቁ ወጥቶ ወንዙን እንደሚቀዝፍ፣ ያኔ መረብ በወንዙ አፍ ላይ የሚጥል ሰው ሁሉንም እንደሚጨርስ፣ አባቱ ይህን እንደማይወድ ነገራቸው። «ቀረሶ ግን አይወጣም። እናትየው እንቁላሉን አፏ ውስጥ ትይዛለች። ጫጩቶቹ ሲፈሩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ።» አንዷ «ውሸት!» አለች። እኔን አየችኝ። እውነት ነው አልኳት። እንዲህ ያለ የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት ክፍል ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። እነዚህ ወደ ወንዝ የሚወጡት የጣና የባርቦ ዓሦች ጉዳይ በዓለም ሳይንቲስቶች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ዝርያዎች ከጣና ሌላ የትም አይገኙም። ልጁ ይህን ዓሣ በስሙ፣ በመንገዱና በወቅቱ ያውቀዋል።

ማታ ቤት ገብቼ ሳስበው ደስታዬ ከቁጭት ጋር ነው። በክፍሉ ስንተኛ ይወጣ ይሆን? በዚህ እውቀት ማን ማርክ ይሰጠዋል?

ዓርብ

ጢስ ዓባይ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባሱ ውስጥ ዘፈኑ አላቋረጠም። ቡሄ እየደረሰ ስለሆነ ወንዶቹ ሆያ ሆዬን ይለማመዳሉ። ሴቶቹ ግጥሙን እያረሙላቸው ነው። የተሻለው ግጥም የእነሱ ነበር።

መንገዱ ወደ አላታ ድልድይ ይወርዳል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። አሁንም ሰው፣ አህያና በግ ይሻገርበታል። አንዲት የአካባቢው ልጅ እንጨት ተሸክማ ስታልፍ የእኛዎቹ መንገድ ለቀቁላት። እኩያቸው ናት። ተያዩ። አንዷ «ከየት ነው የምትመጪው?» አለቻት። ሰፈሯን ጠቆመቻት፤ ቁርስ ሳትበላ እንደወጣች ነገረቻት። ልጆቹ ቆሎ ዘርግተው ጨመሩላት፤ «ፆመኛ ነኝ» አለችና መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ለተወሰነ መንገድ ዘፈን አልነበረም።

ፏፏቴውን ከማየት በፊት መስማት ይቀድማል። ከዚያ ጢሱ ይመጣል፣ ፊት ላይ ያርፋል። ቁመቱ 40 ሜትር ገደማ ነው። ነሐሴ ላይ ውሃው ቡናማ ሆኖ በሙሉ ስፋቱ ይወርዳል። በበጋ የመጣ ሰው ግን ቀጭን ክር ብቻ አይቶ ሊመለስ ይችላል። አንዱ ልጅ ከአጎቱ ጋር በበጋ መጥቶ ስለነበር «ያኔ ውሃው የት ሄዶ ነው?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በዝናብ ወቅት ውሃው ይበዛል፣ በበጋ ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ግን ሰው ውሃውን ለመብራት ይወስደዋል። እዚሁ ጢስ ዓባይ ማመንጫ ተሠርቷል። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሐይቁ ምዕራብ በኩል የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ 460 ሜጋ ዋት የሚሰጥ ነው። ከሐይቁ በዋሻ ተወስዶ ወደ በለስ የሚወርደው ውሃ በዚህ በኩል አያልፍም። «ስለዚህ ቤታችን መብራት ሲበራ ፏፏቴው ይቀንሳል?» አለ። በቀጥታ እንደዚያ ባይሆንም ነገሩ ገብቶታል። ሁለቱንም እንፈልጋለን አልኩት። መብራቱንም ፏፏቴውንም። እንዴት እንደሚታረቁ የሚያስብ ሰው ከእናንተ መካከል ቢወጣ ደስ ይለኛል አልኩት።

በሚያንሸራትተው ቁልቁለት ላይ አንድ ትልቅ ሰው ከፊት፣ አንዱ ከመሃል፣ አንዱ ከኋላ ሆነን ወረድን። ጫፉ አካባቢ ማንም አልቀረበም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሳይዘን ተመለስን። 22 ቆጠርን።

ቅዳሜ

የመጨረሻው ቀን የወላጆች ቀን ነው። ጠዋት በሁለት ጀልባ ወደ እንጦስ ኢየሱስ ወሰድናቸው። ዛሬ የሚመሩት ልጆቹ ናቸው፤ እኛ የቆምነው ከኋላ ነው።

የትንሿ የ9 ዓመት ልጅ እናት ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይጸልያሉ። ልጅየዋ ላይፍ ጃኬታቸውን ከትከሻው ይዛ ወደ ላይ ሳበችው። ላላ። «ይህ አይሆንም፣ ቀይሩላት» አለችኝ። ቀየርንላቸው። ቀበቶውን ራሷ አጠበቀችላቸው፤ ከዚያ ጎናቸው ተቀምጣ «አይዞሽ እማዬ፣ 15 ሜትር ብቻ ነው» አለቻቸው። እናትየው በድንጋጤ አዩኝ።

የ12 ዓመቷ ልጅ ቃሏን ጠበቀች። ጀልባው ዳር እንደደረሰ ቀድማ ወረደች፤ ከዚያም ለሴቶቹ ሁሉ እጇን እየሰጠች አወረደቻቸው። የሙስሊም እህትማማቾቹ አባት ከግቢው ውጭ ከልጆቻቸው ጋር ሆነው ወፎቹን ሲያስቆጥሯቸው ዋሉ። የዓሣ አስጋሪው ልጅ አባት የመጡት በሥራ ልብሳቸው ነው፤ ሌሊቱን መረብ ላይ አድረው ነበር። ልጆቹ ከበቧቸው። «ቀረሶዋ እውነት ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ታስገባለች?» ይሏቸዋል። ልጃቸውን አዩት፣ «እሱ አልነገራችሁም እንዴ?» አሉ። ነግሮናል አሉ። «ታዲያ የነገራችሁ ልክ ነው» አሉ። ልጁ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

5 ሰዓት ላይ ጋሼ ወደ ሰማዩ አንዴ አይተው «እንነሳ» አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም።

ወደብ ላይ ጃኬት ስንሰበስብ አንድ አባት ለብቻዬ ጠሩኝ። ባጃጅ ይነዳሉ። ሌሎች ሦስት ልጆች አሉባቸው። «እነዚያስ?» አሉኝ። «ለኮንትራት ጀልባ አቅም የለኝም።» ወደ ዘጌ የሚመላለስ የሕዝብ ጀልባ መኖሩን አያውቁም ነበር። ከኮንትራቱ በጣም ይረክሳል፤ የዘጌ ሰው ቡናውንና ሎሚውን ይዞ ገበያ የሚመላለስበት ነው። የት እንደሚቆም አሳየኋቸው። ላይፍ ጃኬት መኖሩን አስቀድመው እንዲጠይቁ፣ የልጆች ልክ ከሌለ ሌላ ቀን እንዲያደርጉት፣ ዑራ ለመግቢያ ትንሽ ብር እንዲይዙ ነገርኳቸው። ከእኛ ጋር የሰነበተው ትልቁ ልጃቸው ከጎናቸው ሆኖ «ማለዳ ነው የሚኬደው አባዬ፣ ከስምንት ሰዓት በፊት ወደ ዳር መመለስ አለብን» አላቸው። የነገውን እሑድ ባጃጁን ላያወጡ ወሰኑ።